የመጽሐፍ ፊት፦ ስለ ሽፋን ጥበብና ልብን ሰብስቦ ስለመሥራት

መጽሐፍ ከአንባቢው ጋር የሚተዋወቀው በፊቱ ነው። ደራሲው ዓመታት የደከመበት ሐሳብ፣ አራሚው ዐይኑን ያፈዘዘበት ረቂቅ፣ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ በቀለምና በወረቀት የገለጠው ጽሑፍ ከአንባቢ ልብ ከመድረሱ አስቀድሞ አንድ ወፈር ያለ ወረቀት በመካከል ይቆማል። ይህ ወረቀት ሽፋን ይባላል። ስሙ እንደሚያመለክተው ተግባሩ መሸፈን ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ እርሱ ብዙ መናገር ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ሽፋን እየሸፈነ ይገልጣል፤ እየዘጋ ይጋብዛል። በአገራችን የሥነ ጽሑፍ ሂስ ስለ ታሪክ አወቃቀር፣ ስለ ገጸ ባሕርያት አሣሣልና ስለ ቋንቋ አጠቃቀም ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሽፋን የሚባለው ግን ቢበዛ «ሽፋኑም ያማረ ነው» ከምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ይህ ጽሑፍ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰፋ አድርጎ ለመመርመር ይሞክራል።

የአዲስ አበባ የምሥራቅ ክፍል ለዚህ ምርመራ ተስማሚ ሜዳ ነው። ከቦሌ ተነሥቶ በመድኃኔ ዓለም በኩል ወደ ሃያ ሁለት ማዞሪያና ወደ መገናኛ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ኮተቤ ባለው ሠፈር ለዓመታት የተመላለሰ ሰው አንድ ትዕይንት ከዐይኑ አይጠፋም። አንድ ወጣት መጽሐፍ አዟሪ ከእምብርቱ እስከ አገጩ የሚደርስ ክምር በሁለት ክንዱ ታቅፎ በቡና ቤት በረንዳዎች መካከል ይዘዋወራል። ማኪያቶውን የሚያማስለው ደንበኛ ቀና ብሎ ክምሩን ያያል፤ ወዲያውም ወይ እጁን ይዘረጋል፣ ወይ ራሱን ይነቀንቃል። አዟሪው ስለ መጽሐፉ ይዘት የሚያስረዳበት ጊዜ የለውም፤ ጠበቃው ሽፋኑ ነው። ከክምሩ አናት ካለው ከአንዱ በቀር ደግሞ የሌሎቹ ሁሉ የሚታየው ገጾቹ የተጠረዙበት ቀጭን ጎን ብቻ ነው። በዚያ ጎን ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የደቀቀ ፊደል ወይም ባዶ ወረቀት ነው። እንግሊዞች በመጽሐፋቸው ጎን ላይ ከላይ ወደ ታች ይጽፋሉ፤ ፈረንሳዮች ከታች ወደ ላይ። በእኛ ዘንድ ሁለቱም ያለ ሥርዓት ተቀላቅለው ስለሚገኙ አንባቢው በአንድ መደርደሪያ ፊት አንገቱን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያዘነበለ ርእስ ይፈልጋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም ሽፋኑን የሠራው ሰው መጽሐፉ በማን ክንድ ላይ፣ በምን ሁኔታ እንደሚቆም ለአፍታ እንኳ አለማሰቡን ይመሰክራል።

ነገሩ የገበያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቦሌ አካባቢ የሥዕል ማሳያ ቤቶች ተከፍተዋል፤ ለምሳሌ አዲስ ፋይን አርት እ.ኤ.አ. በ2016 በዚያው በመድኃኔ ዓለም አቅራቢያ በሩን ለተመልካች ከፍቷል። ይሁን እንጂ ከማሳያ ቤት ደጃፍ ደርሶ የማያውቀው ሰው እጅግ ይበዛል። በብዙ ቤት ውስጥ ከቀን መቁጠሪያውና ከቅዱሳን ሥዕል ቀጥሎ የሚገኘው የሠዓሊ ሥራ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ሽፋን ለብዙኃኑ የመጀመሪያው የሥዕል ትምህርት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ግዴለሽነትን ከሆነ፣ ዐይኑን በግዴለሽነት ያሠለጠነ ኅብረተሰብ ይፈጠራል። የሽፋኖቻችን ሕመም ብዙ ምክንያት ቢኖረውም የበረታው ምክንያት የተሰበሰበ ልብ እጦት መሆኑን ከዚህ በታች ያለው ሐተታ ያሳያል።

ከድጉሱ የሚገኝ ትምህርት

በኢትዮጵያ የመጽሐፍ ሽፋን ታሪክ ከማተሚያ መኪና እጅግ ይቀድማል። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ጥንታውያን ወንጌሎች፣ ብራናቸው በሳይንሳዊ ዘዴ ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። የአንዱ ሽፋን በወርቅ የተለበጠ መዳብ ሲሆን፣ ከመጽሐፋቸው ሳይለዩ እስከ ዛሬ ከዘለቁት የዓለም ጥንታዊ ጌጠኛ ሽፋኖች መካከል ይቆጠራል።

በየደብሩ የሚገኘው ዳዊት ግን ወርቅ አለበሰም። ሁለት የእንጨት ገበታ፣ በገበታው ላይ የተሳበ ቀይ ወይም ቡናማ ቆዳ፣ በቆዳውም ላይ በጋለ ብረት የታተመ ድጉስ አለው። ደጓሹ መጀመሪያ ጠርዙን በመሥመር ያጥራል፤ በመሥመሩ ውስጥ ሌላ መሥመር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ይጨምራል፤ በመካከሉ መስቀል ያቆማል። ርእስ የለም፤ የደራሲ ስም የለም፤ የተቀባ ቀለምም የለም። ጌጡ የሚገኘው ከቆዳው መጥለቅና መነሣት፣ ከብርሃንና ከጥላ ነው። ገበታው ሲከፈት በውስጠኛው ገጽ፣ የቆዳው ጠርዞች ታጥፈው በሚተውት ክፍት ቦታ ላይ፣ አልፎ አልፎ ባለቀለም የጨርቅ ቁራጭ ተለጥፎ ይገኛል። ውጪው ጭምት፣ ውስጡ ደማቅ ነው። መጽሐፉን የሚከፍት ሰው ብቻ የሚያየውን ማስጌጥ ትልቅ የጥበብ ውሳኔ ነው፤ ተመልካችን ከውጪ ከመጥራት ይልቅ ገብቶ ለደከመው ዋጋውን መክፈል ነው። ዛሬ በብዙ ሽፋን ላይ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ውጪው በወርቅማ ፊደልና በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ያጌጣል፤ ሽፋኑ ሲገለጥ የሚገኘው የተዛነፈ ገጽና የተጨናነቀ ጽሑፍ ነው። ውስጡን ለቄስ እንደሚባለው ነው።

ከውበቱ ይልቅ ግን ዋናው ትምህርት በአሠራሩ ላይ ይገኛል። ቁም ጸሐፊው ቆዳውን ወጥሮ ይፍቃል፤ ብራናው ሲደርቅ በወስፌ እየጫረ ያሠምራል፤ መቃውን ይቀርጻል፤ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ያዘጋጃል። አንድ ዳዊት ለመጨረስ ወራት ይፈጃሉ። ፊደል ሲሳሳት በስለት መፋቅ ይችላል፤ የተፋቀው ቦታ ግን ለዘለዓለም ይመሰክርበታል። ደጓሹ ደግሞ ይህችም ዕድል የለችውም። የጋለ ብረት በቆዳ ላይ አንድ ጊዜ ካረፈ መመለሻ የለውም። ስለዚህ እጁ ከመዘርጋቱ በፊት ልቡ መሰብሰብ አለበት፤ መሥመሩ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ በዐይነ ኅሊናው አይቶ መጨረስ አለበት። በዚያው በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከየካ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ከዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ተመሳሳይ ምስክርነት ይሰጣል። ከዐለት የወጣ ድንጋይ ተመልሶ አይለጠፍም፤ ፈልፋዩ ምሶሶውን ያገኘው በዙሪያው ያለውን በጥንቃቄ በማንሣት ነው። መመለሻ የሌለው ሥራ ሠሪውን ልብ ሰብሳቢ ያደርገዋል።

ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው ሰው አንድ ቁልፍ በመጫን የሠራውን ሁሉ መመለስ ይችላል። ይህ ታላቅ ነፃነት ነው፤ ማንም ወደ ጋለ ብረት ይመለስ አይባልም። ይሁን እንጂ የማይፈራ እጅ ያላሰበውን ሁሉ ይሞክራል፤ ሲሞክርም የመጣለትን እንጂ የፈለገውን ሳያገኝ ይቀራል። የድጉሱን መስቀል ከፎቶግራፍ ቀድቶ በልብ ወለድ ሽፋን ላይ መለጠፍም ከድጉሱ መማር አይደለም። ቅርጹ ተወስዶ ምክንያቱ ቀርቷልና። ከደጓሹ የሚወረሰው ሀብት ከመጀመር በፊት ማሰብ፣ ከጀመሩም በኋላ እስከ ፍጻሜው ሳይበታተኑ መቆየት ነው።

ፊደል እንደ ሥዕል

በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ባሳተማቸው ቀደምት መጻሕፍት ሽፋን ላይ ሥዕል እምብዛም አይታይም። ያለው ፊደል ነው፤ ርእስ፣ የደራሲ ስም፣ የማተሚያ ቤቱ ስምና ዓመተ ምሕረቱ፤ አንዳንዴም በዙሪያቸው ከእርሳስ የተቀረጸ የጌጥ አጥር። በቃልና በቃል መካከል የሚቆሙት ሁለት ነጥቦች ለዐይን ማረፊያ ይሆኑ ነበር። የእነዚህ ሽፋኖች ጨዋነት የመነጨው ከመሣሪያው ውስንነት ነው ቢባል እውነት አለው። ግን ውስንነቱን ያከበረ ሠራተኛ ፊደሉን በሚገባው ቦታ፣ በሚገባው መጠን አስቀምጦታል። ዛሬ ያለ ልክ የበዛው ምርጫ ያንን ጨዋነት ሲያስረሳ ይታያል።

የኢትዮጵያ ፊደል ለሽፋን ሠሪ የራሱን ጥያቄ ያቀርባል። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ ከመሥመሩ በላይ የሚወጣና ከመሥመሩ በታች የሚወርድ ዘንግ አለው፤ ስለዚህ አንድ ቃል ሲጻፍ እንደ ተራራ ሰንሰለት ከፍና ዝቅ ይላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ቃሉ ሲጻፍ በቁመት ተቀራራቢ የሆኑ ፊደላት ጎን ለጎን ቆመው እንደ ካብ ይታያሉ። ውበቱ ያለው በስፋትና በጥበት፣ በክብና በቀጥታ፣ በወፍራምና በቀጭን መፈራረቅ ላይ ነው። «ጠ» በሦስት እግሩ ሰፍቶ ሲቆም «ገ» ጠበብ ይላል፤ «ወ» እና «ዐ» ክብ ናቸው፤ «በ» እና «ሰ» እግራቸውን ተክለው ይቆማሉ። የመቃ ብርዕ የሰጣቸው ጠባይ አለ፤ የቆመው ዘንግ ይወፍራል፤ የሚያገናኘው መሥመር ይቀጥናል። ይህን ጠባይ ያወቀ ሠዓሊ ከአንድ ርእስ ብቻ፣ ያለ ምንም ሥዕል፣ ሙሉ ሽፋን ሊያወጣ ይችላል። ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደልን የሥዕል ሸራ ዋና ባለቤት አድርጎ በዓለም አደባባይ ማቆሙ ፊደሉ ምን ያህል የሥዕል ጉልበት እንዳለው በቂ ማስረጃ ነው።

ሽፋን በእጅ ይሣል በነበረበት ዘመን ርእሱንም ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ራሱ ይጽፈው ነበር። ስለዚህ ፊደሉና ሥዕሉ ከአንድ እጅ የወጡ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ሥዕሉ በብሩሽ ከሆነ ፊደሉም ብሩሽ ብሩሽ ይሸት ነበር። የፊደል ገበታችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት በአገር ልጆች በተዘጋጁት የግእዝ ፕሮግራሞች አማካይነት፣ ማንኛውም ሰው በአማርኛ በኮምፒዩተር መጻፍ ችሏል። ይህ ለጽሑፍ የተገኘ ድል ነው። በሽፋን ላይ ግን አንድ ጉዳት ተከትሎታል። ለውስጥ ገጽ፣ ለደቃቅ ጽሑፍ የተቀረጸ ፊደል በሽፋን ላይ ተወስዶ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ወደ ጎን ሲለጠጥ የቆመው ዘንግ ያለ መጠን ይሰፋል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ቀጭኑ መሥመር ይወፍርና የመቃው ጠባይ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥላ ይጨመርበታል፤ ከጥላው በላይ ወርቅ፣ ከወርቁ በላይ ነጭ ክፈፍ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ እዚህ ስሙ ራሱ መልከ ጥፉ ሆኖ ድጋፍ ፈላጊ ሆኗል።

ይዘትና ቅርጽ

የሽፋን ሂስ ዋና ጥያቄ ሽፋኑ ያምራል ወይስ አያምርም የሚለው አይደለም። ይህ ሽፋን ለዚህ መጽሐፍ ብቻ የተሠራ ነው ወይ? በሌላ መጽሐፍ ላይ ቢለጠፍ ያው ይሆን ነበር ወይ? የሚለው ነው። ቅርጹ ከይዘቱ ሲወለድ ሽፋኑ የማይተካ ይሆናል፤ ከገበያ ልማድ ሲወለድ ግን ማንም ይለብሰዋል። ስለ ጎጃም ባላገር በሚተርክ ልብ ወለድ ላይ ከኢንተርኔት የተወሰደ የባሕር ማዶ ጎጆ፣ ስለ አዲስ አበባ ሴት በሚናገር መጽሐፍ ላይ የማትታወቅ የውጭ አገር ሞዴል ፊት መለጠፍ የዚህ ሁለተኛው ዓይነት ምልክት ነው። ሠሪው መጽሐፉን እንዳላነበበው አንባቢው ገና ሳይከፍተው ያውቃል።

በሌላ በኩል ደግሞ መጽሐፉን ያነበበ ሠዓሊም ወጥመድ አለበት። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጉዳይ መመልከት ይጠቅማል። የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቀው ሕዝብ ሰብለ ወንጌልን፣ በዛብህንና ጉዱ ካሣን በጆሮው ዐውቋቸዋል። ያ ሁሉ አድማጭ ምንም ሽፋን ሳያይ ለሰብለ የየራሱን መልክ ሰጥቷታል። ታዲያ ከዚህ በኋላ በሽፋን ላይ ሰብለን በዐይንና በአፍንጫ ለይቶ የሚሥል ሠዓሊ ከማን ጋር ይከራከራል? ከእያንዳንዱ አንባቢ ጋር ነው። መልኳን ሲወስን የአንባቢውን ሰብለ ይሽርበታል። ልብ ያለው ሠዓሊ እዚህ ላይ ይታቀባል፤ ፊቷን ትቶ በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ አጥር፣ ወይም መንገዱን ይሥላል። ደራሲው ለአንባቢ የተወውን ሥራ ሠዓሊው ሊቀማው አይገባም። በሽፋን ጥበብ ትልቁ ዕውቀት ምን እንደሚተው ማወቅ ነው።

የሌላው ዓለም ልምድም ይህን ያጠናክራል። አሜሪካዊው ፊትዝጀራልድ እ.ኤ.አ. በ1925 ለታተመው ልብ ወለዱ «ታላቁ ጋትስቢ» ፍራንሲስ ኩጋት ያዘጋጀው ሽፋን የተሣለው ድርሰቱ ገና ሳያልቅ ነበር፤ በሰማያዊ ሌሊት ላይ የተንሳፈፉ ዐይኖችና ከንፈሮች ይታዩበታል። ደራሲው ሥዕሉን ካየ በኋላ በድርሰቱ ውስጥ እንዳስገባው ለአሳታሚው አሳውቋል። እዚህ ቅርጹ ይዘቱን ተከትሎ መሄድ ትቶ ቀድሞ ጠርቶታል። በሩሲያ ደግሞ ሮድቼንኮ እ.ኤ.አ. በ1923 ለማያኮቭስኪ ግጥም ባዘጋጀው ሽፋን ላይ ግጥሙ የተጻፈላትን የሊሊያ ብሪክን ፎቶግራፍ ፊት ለፊት ተመልካቹን እያፈጠጠች አቆማት። ከላይ ስለ ሰብለ ከተባለው ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ግን አይጋጭም። ብሪክ በአካል የነበረች፣ ገጣሚው በእውነት የተሟገታት ሴት ናት፤ ፎቶግራፉ ማስረጃ ነበር። ሰብለ ግን በአንባቢ ልብ ውስጥ ብቻ ትኖራለች። ስለዚህ ለሽፋን ሥራ አንድ የማይለወጥ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ የሚቻለው እያንዳንዱን መጽሐፍ እንደ ራሱ መመርመር ነው።

እዚህ ላይ የድህነት ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ወረቀት ተወዷል፤ ብዙ ደራስያን የሚያሳትሙት ከራሳቸው ኪስ አውጥተው፣ አንዳንዶቹም ተበድረው ነው፤ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ስለ ሽፋን መጨነቅ ቅንጦት ነው ይባላል። ክርክሩ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1935 በእንግሊዝ አገር የተጀመሩት የፔንግዊን መጻሕፍት በስድስት ፔንስ የሚሸጡ፣ ለሠራተኛው ኪስ የተዘጋጁ ነበሩ። ሽፋናቸው ሦስት አግድም መቀነት ብቻ ነበር፤ ላይና ታች ቀለም፣ መካከሉ ነጭ። ብርቱካናማው ልብ ወለድን፣ አረንጓዴው የወንጀል ታሪክን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ሕትመትም በብርቱካናማ ቀለሙ ከሩቅ ይለይ ነበር፤ የሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» እና የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» በእንግሊዝኛ የወጡት በዚያው ተራ ውስጥ ነው። የሁለቱም ምስጢር ውድ ቀለም አልነበረም፤ አንድ ጊዜ በሚገባ ታስቦ በጽናት የተጠበቀ ሐሳብ ነበር። አንድ ቀለምና አንድ በሚገባ የተጻፈ ርእስ ከአሥር ያልታሰቡ ቀለሞች በዋጋም ይረክሳሉ፤ በውበትም ይበልጣሉ።

ሌላ ተቃውሞም አለ። ታላቅ መጽሐፍ ያለ ሽፋንም ይኖራል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ከኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ከወጣ ጥቂት ጊዜ በኋላ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጎ ነበር፤ የተረፉት ቅጂዎች ግን ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈው ተነበዋል። እንዲህ ላለው መጽሐፍ አንባቢው የሽፋን ግብዣ አላስፈለገውም። ይህ እውነት ነው። ሽፋን ደካማን መጽሐፍ ታላቅ አያደርግም፤ ታላቁንም አይገድለውም። ይሁን እንጂ ሁሉ መጽሐፍ «ኦሮማይ» አይደለም። የመጀመሪያ ሥራውን ይዞ የሚወጣው ስሙ ያልታወቀ ወጣት ገጣሚ ከሽፋኑ በቀር በአዟሪው ክንድ ላይ ሌላ አስታዋቂ የለውም።

የአንድ ከሰዓት ሥራ

አሁን ሽፋን በአብዛኛው እንዴት እንደሚሠራ መመልከት ያስፈልጋል። ድርሰቱ አልቋል፤ እርማቱ ተጠናቋል፤ ማተሚያ ቤቱ ተራ ይዟል፤ የምረቃው ቀን ተቆርጧል፤ የጥሪ ወረቀቱም ተበትኗል። የቀረው ሽፋን ነው። ደራሲው ከአንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጎን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ባለሙያው መጽሐፉን አላነበበም፤ እንዲያነብም አልተጠየቀም። ርእሱ ይነገረዋል፤ ከርእሱ አንድ ቃል ተመዝዞ በኢንተርኔት ሥዕል ይፈለጋል። ርእሱ «እንባ» የሚል ቃል ካለው የሚያለቅስ ዐይን፣ «መንገድ» የሚል ካለው የአስፋልት ፎቶግራፍ ይገኛል። በመካከል ስልክ ይደወላል፤ ሌላ ደንበኛ የሠርግ ካርድ ይዞ ይገባል፤ መብራት ይጠፋል፤ ይመጣል። ደራሲው «ቀዩን ትንሽ አድምቀው» ይላል፤ አብሮት የመጣው ጓደኛ «ሰማያዊ ቢሆንስ» ይላል። ከሰዓቱ ሲያልቅ ሽፋኑም አልቋል።

እዚህ ላይ ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በቁራጭ ነው፤ ካልፈጠነ አይበላም። ጥፋቱ ሽፋንን ከሥራው ሁሉ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው ልማድ ነው። ደራሲው ለአንድ አንቀጽ ሦስት ሌሊት ሲያድር፣ ያንን አንቀጽ የያዘው መጽሐፍ ፊት ግን በአንድ ከሰዓት እንዲያልቅ ይፈርዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ብዙ መጽሐፍ ሁለተኛ ዕትሙ ላይ ሽፋኑን የሚለውጠው መጀመሪያውኑ ሳይታሰብበት ስለታጠቀው ነው።

ልብን ሰብስቦ መሥራት ምን ማለት ነው? የተመስጦ ጸጋ ከሰማይ እስኪወርድ መጠበቅ አይደለም። ሊለመድ የሚችል፣ ሥርዓት ያለው የሥራ ጠባይ ነው። ለሽፋን ሠሪ የመጀመሪያው እርምጃ መጽሐፉን ማንበብ ነው፤ እርሳስ ይዞ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሁለተኛው ካነበቡት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ መምረጥ ነው፤ የታሪኩን ማጠቃለያ ትቶ ታሪኩ የሚሽከረከርበትን አንድ ዕቃ፣ አንድ ቀለም ወይም አንድ ቦታ መያዝ። ሦስተኛው በወረቀት ላይ በትንሹ፣ የክብሪት ቤት በሚያህል መጠን ብዙ ጊዜ መንደፍ ነው፤ በዚያ መጠን የማይነበብ ሽፋን በቡና ቤት በረንዳ ላይም አይነበብም። አራተኛው ሠርቶ ለጥቂት ቀን ማሳደርና በታደሰ ዐይን ማየት ነው። ኮምፒዩተሩ የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ባወጣው «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ ያቆመው አበራ ወርቁ ለዚህ ነጥብ ጥሩ መስተዋት ነው። አበራ ሥዕል መሣል ይፈልጋል፤ ተሰጥኦም አለው። ነገር ግን ቢሮው፣ የቤተሰቡ ግፊት፣ ፍቅሩና ጥርጣሬው በየአቅጣጫው ይስቡታል። የአበራ ችግር የተሰጥኦ ማነስ አልነበረም፤ በአንድ ሸራ ፊት ልቡን ይዞ መቆየት ነበር። ዛሬ በቦሌ ፎቆች ውስጥ በየኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት ሠዓሊም ከአበራ ያልተለየ፣ ምናልባትም የከፋ ትግል አለበት፤ አበራን የሚጠሩት ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ወጣት ግን በኪሱ ያለው ስልክ በየደቂቃው ይጠራዋል። ከዚህ የመከላከያው መንገድ የግል ቆራጥነት ብቻ ነው ማለት አይበቃም። አሳታሚውና ደራሲው ጊዜ ካልሰጡት ቆራጥነቱ ብቻውን የትም አያደርሰውም።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

በመጀመሪያ ደረጃ ረቂቁ ለሽፋን ሠሪው ከአራሚው ጋር በአንድ ጊዜ ሊደርሰው ይገባል። እርማቱ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ለሽፋኑም ከተሰጠ የሕትመቱ ወጪ ሳይጨምር የሽፋኑ ደረጃ ከፍ ይላል።

ሁለተኛ፣ የሠዓሊው ስም መታተም አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ሥራ ያያል፤ ለሠሪውም በስሙ የመጠራት መብት ይሰጣል። ይህም ሆኖ በብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ የሽፋኑን ሠሪ ስም መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የሶቪየት መጻሕፍት ከአራሚውና ከአዘጋጁ ጎን የሠዓሊውን ስም በመጨረሻ ገጻቸው ላይ የማስፈር ልማድ ነበራቸው። ስም ክብር ብቻ አይደለም፤ ኃላፊነትም ነው። ስሙ የሚጠራ ሰው ሥራውን ለዛሬ ከሰዓት አያስረክብም።

ሦስተኛው ጉዳይ የቤተ መጻሕፍት ነው። በአገልግሎት ብዛት የተጎዳ መጽሐፍ ወደ ጠራዥ ሲላክ የወረቀት ሽፋኑ ተገንጥሎ ይጣልና በጠንካራ ካርቶን ይተካል። መጽሐፉ ይድናል፤ ፊቱ ግን ይጠፋል። የተገነጠለውን ሽፋን በካርቶኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ መለጠፍ ጥቂት ሙጫ ብቻ ይጠይቃል። ይህ በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከወመዘክር ጀምሮ እስከ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲና እስከ ቀበሌ ንባብ ቤቶች ድረስ ቢለመድ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ሽፋን ታሪክ ወደፊት ሊጻፍ የሚችልበት ማስረጃ ይተርፋል።

በመጨረሻም መምህራን አሉ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን በአሮጌ ጋዜጣና በካኪ ወረቀት ይለብዳሉ። መለበዱ ደግ ነው፤ መጽሐፍን ማክበር ያስተምራልና። ከመለበዱ በፊት ግን መምህሩ አምስት ደቂቃ ሰጥቶ «ይህ ሽፋን ስለ ውስጡ ምን ይነግረናል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መጽሐፉ ተነብቦ ሲያልቅም ልባዱን አስወልቆ ያንኑ ጥያቄ ቢደግም፣ ተማሪው በሁለቱ መልሶቹ መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ የሂስን ሀሁ ይማራል። እንዲህ የሠለጠነ ዐይን ሲበዛ የተለጠጠ ፊደልና የተለመነ ሥዕል ገበያ ያጣል፤ የኮምፒዩተር ባለሙያውም ቀስ ብሎ እንዲሠራ የሚጠይቀው ደንበኛ ያገኛል።

ደጓሹ በቆዳው ላይ ስሙን አልጻፈም። ሥራው ግን መቶ ዓመታት አልፎት ዛሬም በካህኑ እጅ ይከፈታል፤ የውስጡ ጨርቅ ዛሬም ለሚከፍተው ሰው ይደምቃል። የዘመኑ ሽፋን ሠሪ የደጓሹን ብረት አይፈልግም፤ ስሙም ሊታተምለት ይገባል። ከደጓሹ የሚፈልገው ብረቱን ከማሳረፉ በፊት ትንፋሹን ይዞ የቆየባትን ያቺን አንዲት አፍታ ነው።